ሮዝ ዝንብ

«ዝንብ ነው ያመጣሽው?» አለ ሬዣን ቱርኮት፣
ትራክተሩን ሳያጠፋ፣ ከሽንኩርቱ ፊት።
«አባቴ ዕድሜውን መርዝ ሲረጭ ኖረ፣
በስተርጅናው ማንኪያ መያዝ አቅቶት ቀረ፤
እኔም ሠላሳ ዓመት በሱ ፓምፕ ረጨሁ፣
ዝንቡ መርዙን ለመደው፤ እኔ ብቻ አረጀሁ።
አሁን አንቺ ደግሞ በካርቶን ሞልተሽ
ዝንብ ግዛኝ ትያለሽ?»

ኦዲል አልተሟገተች፤ ክዳኑን ገለጠች፣
አንዲት ዝንብ ወጥታ አውራ ጣቷ ላይ ተቀመጠች፤
ሮዝ፣
የልደት ኬክ ክሬም የመሰለ ሮዝ።

«ቀለሙ ለቆጠራ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ፤
ጨረር አልፎባቸዋል፣ ዘራቸው ተላላ።
ከሜዳው ዝንብ ጋራ ይጋባሉ፣ ይደግሳሉ፣
ትል ግን አይወልዱም፤ እንዲሁ ያልፋሉ።
ከቦዩ ዳር ያለውን አንዱን ሄክታር ስጠኝ፣
ካልሆነ በመስከረም ሰው ሰብስበህ ስደበኝ።»

እሾህን በእሾህ ያለ፣
ዝንብን በዝንብ ቢል ምን አለ?
ሬዣን ግን ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሰጣት።

እኔ ያን በጋ ቆጣሪ ነበርኩ።
ቢጫ ወጥመድ ላይ የተጣበቀውን በማጉያ የምለቅም፣
ሮዙን በአንድ ዓምድ፣ ግራጫውን በሌላ የምጽፍ፣
ማታ ዓይኔን ስከድን የማይ ክንፍ፣ ክንፍ፣ ክንፍ።
የሼሪንግተን አፈር ረግረግ የነበረ፣
ከጥላሸት የጠቆረ፣
በጥፍራችን ገብቶ እሑድ ቅዳሴ ላይ አብሮን የዘመረ።

የመጀመሪያው ዓመት? እውነቱን ልናገር፤ አልሆነም።
ሰኔን ዝናብ በላው። ነፋስ ሮዞቹን ጠርጎ
ቦዩን አሻግሮ ለጊዮም አስረከበ፤
ጊዮም ሳንቲም ሳይከፍል ማሳው ደላው፣ አማረበት፣
የሬዣን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኛበት።
አንዱን ነቀለና በአውራ ጣቱ ፈለቀቀው፤
ነጭ ትል፣ ከነቤተሰቡ።

«ስንት ልበል?» አልኳት፣ እርሳሴን ይዤ ፈርቼ።
«ያየሽውን ጻፊው» አለች፤
«ቁጥር አይኳልም፣ ባለበት ተዪው።»

ታኅሣሥ ላይ፣ በረዶ በር ሲዘጋ፣
በዢዜል ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘረጋ።
ጊዮም መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፤
ላንክቶዎቹም መጡ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣
ስለ ድንበር ተካሰው ዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገሩት።
«ዝንብ ካርታ አያነብም» አለች ኦዲል፣
«ወይ ሁላችሁ፣ ወይ ማንም።»

ሬዣን ቆቡን እያሻሸ ቆየ። ከዚያ ጠየቀ፣
ቀስ ብሎ፣ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቅ መስሎ፦
«እንግዲህ ማሳውን የሚያድኑት… ያልወለዱት ናቸው?»
ዢዜል ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤
በዚያ ቤት አልጋው ተሠርቶ
ማንም ያልተኛበት አንድ ትንሽ ክፍል ነበረ።
ድስቱ ፈላ። ማንም አላነሳውም።
«አዎ» አለች ኦዲል፣ ብዙ ቆይታ፣ «እነሱ ናቸው።»
ሬዣን ብዕር ለመነ፤ ፈረመ።

በአራተኛው በጋ፣ ግራጫ ፍለጋ ዓይኔ ደከመ።
ወጥመድ ተራ በተራ፣ ሮዝ፣ ሮዝ፣ እንደገና ሮዝ፤
አንዲት ግራጫ ሳገኝ ዘመድ እንዳገኘሁ እጮህ ነበር።
የአባቱ ፓምፕ ጎተራ ጥግ ሸረሪት አደራበት፣
ሬዣንም ሲያልፍ፣ እንደ ሙት፣ ቆቡን አነሳለት።

የመጨረሻ ቀኔ ምሳ አስቀሩኝ። የሽንኩርት ሾርባ፣
ዳቦ፣ አይብ፣ የተከፈተ መስኮት።
አንዲት ዝንብ ገብታ በሳህኑ ጠርዝ ዞረች፤
ሬዣን ጋዜጣ ጠቅልሎ እጁን ሰነዘረ፣
አየ፤
እጁ አየር ላይ ቀረ።

ጋዜጣውን ዘረጋው። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ገፋ አድርጎ
ጠበቃት፣ እስክትነሳ፣
ሾርባው እስኪቀዘቅዝ።